ጋዝ በዓሣ ሚዛን

በጋና፣ በኤልሚና ዓሣ ገበያ የማቀዝቀዣ ጋዝ መቀየሩን የምናምነው በጆሯችን ነበር። ጠጋኙ ቧንቧውን ሲፈታ አሮጌው ጋዝ ሽው ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ የማቀዝቀዣው ባለቤትም ቆማ ትሰማለች። ሽው ካላለ ተታለልኩ ትላለች።

ጠጋኙ ኤኮው ቤንትሲል ግን አክራ ሠልጥኖ ከመጣ ወዲህ ጋዙን በማሽን እየሳበ ሲሊንደር ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። ሽው የሚል ነገር ስለጠፋ ሁለት ደንበኞች አባረሩት። ሦስተኛዋ የዓሣ ነጋዴዎች አለቃችን አራባ ታዊያ ነበረች። እሷ ካባረረችው ገበያው በሙሉ እንደሚከተላት ያውቃል።

የማቀዝቀዣ ክፍሏ ሞተር የተቃጠለው የዓሣ ማጥመጃው ወቅት በሚከፈትበት በባካቱዌ በዓላችን ዋዜማ ነው። ዓሣዋን በረዶ ውስጥ ቀብራ ኤኮውን አስጠራችው። ሞተሩ ከመቀየሩ በፊት ጋዙ መውጣት ስላለበት አራባ ወገቧን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኛም ሥራችንን ትተን ከኋላዋ ተኮለኮልን። ኤኮው ማሽኑን ከቧንቧውና ከሲሊንደሩ ጋር አገናኘ።

«ልጄ፣ ምንም አልሰማሁም እኮ» አለችው።

ኤኮው እጁ ሥራ ላይ እንዳለ አስረዳት። የጥንቱ ጋዝ ከፀሐይ ክፉ ጨረር የሚጋርደንን የሰማይ ሽፋን ይበላ ስለነበር አገሮች ተስማምተው አስቀሩት። እሱን የተካው ሽፋኑን አይነካም፤ ምድርን ግን ያግላል፤ አንዱ ኪሎ ከአንድ ኪሎ የመኪና ጭስ በሺዎች እጥፍ ይብሳል። ስለዚህ በዚያው ውል ላይ ሌላ ስምምነት ጨምረው እሱንም እየቀነሱት ነው።

አራባ ቀና ብላ ሰማዩን አየችው። ለሰማይ እንደምታዝን፣ አሁን ግን ጋዙ ከክፍሏ መውጣቱን ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችው።

ኤኮው ጥቂት አሰበና ሲሊንደሩን የሚያስቀምጥበት የዓሣ ሚዛኗን ለመናት።

«የእሷን ተው፤ ለባለቤቱ ያደላል» አለች አንዷ ከኋላ።

«ያንቺ ባዶውንም ግማሽ ኪሎ ይል የለ?» አለቻት አራባ፤ ሚዛኗንም አመጣች።

ኤኮው ሲሊንደሩን ሚዛኑ ላይ አቁሞ ማሽኑን ሲያስነሳ መርፌው ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ። አራባ ጎንበስ ብላ ትከታተለው ጀመር፤ ለሚዛን መርፌ ከእሷ የበለጠ ዓይን ያለው በገበያችን የለም። ከባዶው ሲሊንደር ክብደት ሁለት ኪሎ አልፎ ቆመ።

«ይህን ሁሉ ነው እስከ ዛሬ ሽው የምታደርጉት?»

«አዎ እትዬ። ተጣርቶ መልሶ ይሠራ ነበር።»

አራባ መርፌውን ደግማ አየችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ምን ትገተራላችሁ? ሂዱና ሚዛናችሁን አስተካክሉ፤ ነገ ኤኮው ወደ እናንተ ይመጣል።»