ግራዝማች ያላሉት ድልድይ

መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነበር፤ ጆሮ የሚበሳ። ከዚያ «ሀሎ፣ ሀሎ» የሚለው የአሚኑ የራሱ ድምፅ ከማጉያው ወጥቶ ተመልሶ መጣበት። የእንሴኖ ገበያተኛ በርበሬውን በጆንያ ሸፍኖ ወደ ላንድሮቨሩ ተጠጋ።

ከአሚኑ ጎን መኪናው ላይ የቆሙት ግራዝማች ገብረወልድ ለፓርላማ ይወዳደራሉ። መሬታቸው መስቃን፣ ኑሯቸው አዲስ አበባ ነው፤ የአገሩን ቋንቋ አይሰሙም። ስለዚህ ቡታጅራ በአጎቱ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ የሚሠራውን አሚኑን አስተርጓሚ አደረጉት። አማርኛቸው ያምራል። ካባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ሲያደርጉ እንኳ ገበያው ዝም ይላል።

«እንደ ባለፈው አድርግልኝ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ለት ሕዝቡን አሳበድከው።»

አሚኑ አንገቱን ደፋ። ባለፈው ወር ቡታጅራ ላይ ግራዝማች ስለ ወንዙ ድልድይ ሲጠየቁ «ለሚመለከተው ክፍል አቅርበን በጥልቅ እናስብበታለን» ነበር ያሉት። ያ ሁሉ ዓይን ግን አሚኑን ይጠብቅ ነበር። አፉ ቀደመው። «ክረምቱ ሳይገባ የብረት ድልድይ ይዘረጋላችኋል፤ ሙሽራ ጫማዋን ሳታወልቅ ትሻገራለች!» አለ። ገበያው በእልልታ ተናጋ። እንደዚያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ሞቅ ሲለው ደግሞ የግራዝማችን ተፎካካሪ የጀማሉን አነጋገር አስመሰለ። ጀማሉ ይንተባተባል፤ የምርጫ ንግግሩ ሁሉ «ግ... ግ... ግንድ አምጡ» ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሳይበረታ ሰው አስተባብሮ የእንጨቱን ድልድይ የሚያድሰው ግን እሱ ነው። አሚኑ «ግ... ግ...» ሲል ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አሁን ሰኔ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት መኪናው የወንዙን መልካ ሲያቋርጥ አሚኑ ጀማሉን ሱሪውን ሰብስቦ፣ ብቻውን፣ የበሰበሰው የድልድይ ግንድ ላይ ተጎንብሶ አየው። ጀማሉ ቀና ብሎ እጁን አነሳለት። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

ግራዝማች ስለ ዕድገትና ስለ አንድነት ተናገሩ፤ አሚኑ ተረጎመ። ወዲያው ጠና ያሉ ሴት ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ፊት ወጡ። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ሳሌሃ ናቸው።

«አንተ የሱቁ ልጅ! ጠይቅልኝ እስቲ፤ ብረቱ መቼ ነው የሚመጣው?»

«የቱ ብረት፣ እትዬ ሳሌሃ?»

«የቱ ይለኛል! በገዛ አፍህ ያልከው ነዋ! ጀማሉ ግንድ እንቁረጥ ቢል ወንዶቹ እምቢ አሉት። ‹ብረት እየመጣ ምን አደከመን?› አሉ። የኔው ሰውዬ እንኳ መጥረቢያውን ሽጪው ብሎ ሰጠኝ። ይኸው!» ከነጠላቸው ሥር አወጡት። «ልጆቼ ቁርአን ቤት የሚሄዱት በዚያ ድልድይ ነው። ውኃው ዛሬ ጉልበት ደርሷል።»

«ምን አለች?» አሉ ግራዝማች።

«የድልድዩን ነገር።»

ግራዝማች ካባቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ። «ጥያቄሽ የሁላችንም ጥያቄ ነው። ለሚመለከተው ክፍል አቅርበን በጥልቅ እናስብበታለን።»

አሚኑ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። የሚያምር ነገር ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠው።

«ለሚመለከተው ክፍል ነግረን እናስብበታለን» አለ በአገሩ ቋንቋ።

ሕዝቡ ጠበቀ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ አንድ በርበሬ ነጋዴ።

«ይኸው ነው።»

«ምነው፣ ዛሬ ቁርስ ሳትበላ መጣህ?»

ሳቅ ሆነ። ሳሌሃ አልሳቁም። «ያን ለት ብረት አልክ። ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እሳቸው አላሉም» አለ አሚኑ። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ምን አልካቸው?» ግራዝማች ክንዱን ያዙት። «ለምንድን ነው የማያጨበጭቡት?»

አሚኑ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። ማጉያውን ግራዝማች እግር ሥር አስቀምጦ ከመኪናው ወረደና ሳሌሃ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ መጥረቢያውን ሰጡት።

«አሚኑ! ወዴት ነው? አንተ!» አሉ ግራዝማች።

አሚኑ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በበርበሬው ጆንያ መሀል፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሄደ።