ከታች ወደ ላይ

ድንጋይ ጠራቢው መዶሻውን የሙጥኝ ያለው ሥራ በዝቶበት አልነበረም፤ ቤት ላለመግባት ነው። ከበሩ ወዲህ የመቃብር ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከበሩ ወዲያ ሚስቱ ተኝታለች። ሐኪሞቹ «ቤት ውሰዷት» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። እሷም ገብቷታል። እሱ ጠዋት ፊቷን ያብስላታል፣ ውሃ ያጠጣታል፣ ከዚያ ዓይኗን ሳያይ ሹልክ ይላል። ዕድሜውን በሙሉ በሰው ሞት የኖረ ሰው፣ ሞት የራሱን ደጅ ሲያንኳኳ መግቢያ ጠፋው።

የሚስቱ ታላቅ እህት በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ትጠራሃለች።»

«መጣሁ፣ እትዬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ መጣሁ ነው! ግቢ ለመሻገር ስንቅ ልቋጥርልህ?»

«ድንጋዩ ለነገ ይፈለጋል።»

«ሟቹ ምን አስቸኮለው? የምትቸኩለው እሷ ናት!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሱ።

መሮውን አነሳ። ድንጋዩ ላይ በጠመኔ የሰፈረው ያው የዘወትሩ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ የሚያዘው፣ እሱም እንደ ውሃ የጠጣው። ሲጠርብ ግን ከታች ነው የሚጀምረው። ከላይ ከጀመሩ ብናኙ እየወረደ የታችኛውን ጠመኔ ያጠፋዋል፤ አባቱ ናቸው ያስተማሩት። ስለዚህ የመጀመሪያው ምት ሁልጊዜ የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር፣ «ክፉን አልፈራም» ላይ ነው። ከዚህ ብዛት ነገሩ በልቡም እንዲሁ ተቀርጾ ቀረ፦ መጀመሪያ ፍርሃትህን ጣል፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ግቢው ውስጥ ሆኖ ፍርሃቱ እስኪለቀው እየጠበቀ ነበር። ፍርሃቱ ግን እንደ መዥገር ተጣብቋል።

መታ። መሮው ተንሸራቶ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ፣ ብናኙ ላይ ዘፍ አለ። ማልቀስ ፈለገ፤ እንባ እንኳ እምቢ አለው።

ከተቀመጠበት ቀና ሲል ድንጋዩ ፊቱ ተገትሯል። መቃብር ሊጎበኝ እንደመጣ ዘመድ፣ ከላይ ጀምሮ አነበበው።

«በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ
አንተ ከእኔ ጋር ነህና
ክፉን አልፈራም»

ደገመው። ጥቅሱ ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያ ሄደ። ጥላው ውስጥ ገብቷል፣ አብሮት ያለውንም አግኝቷል፤ አልፈራም ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ሲገባ ፈርቶ እንደነበር ማን ያውቃል?

ደግሞ ተጠራጠረ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠርቤው ዛሬ ነው የሚታየኝ? የጭንቅ ብልሃት እንዳይሆን? ቢሆንም ተነሳ። ፍርሃቱን ጥሎ አይደለም፤ እንዳንጠለጠለው ግቢውን ተሻገረ።

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች። ድምጿ ከትንፋሽ አይበልጥም።

«ድንጋዩ አለቀ?»

«አልተጀመረም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

«ፈርቼ።»

በቀረቻት አቅም ወደ ግድግዳው ጠጋ ልትል ሞከረች።

«እኔም ፈርቻለሁ፤ ና» አለችው። «ብናኝህን ግን አራግፍ። አንሶላው ገና ዛሬ መታጠቡ ነው።»