አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ለጀላሉዲን

እትዬ ሳብሪያ የኮሌጁን መጽሔት በቅመም ሱቋ ውስጥ ከሚጥሚጣና ከኮረሪማ ከረጢቶቹ አጠገብ፣ የገባ ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው አድርጋ አቁማዋለች። ሽፋኑ ላይ ባለ አራት ፎቅ ነጭ ሕንፃ አለ፤ ከፊት ለፊቱ የዘንባባ ዛፎች ተሰልፈዋል። ስሙ ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለሆነ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለ አበሻ ሁሉ «የጀላሉ ኮሌጅ» ነው የሚለው። ጀላሉዲን የሳብሪያ የበኩር ልጅ ነው፤ ደቡብ ሕንድ ውስጥ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ማጥናት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

«እስቲ እይው፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለ ጋሼ ሸረፈዲን፣ መጽሔቱን አንስቶ ለሃጂራ እያቀበላት። «ዲሳይድ እናድርግ። ቀኑ እየሄደ ነው።»

ሸረፈዲን የሃጂራ የአባቷ ወንድም ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ሃጂራ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ምህንድስና ተምራ በሱዳን በኩል ወጣች። አሁን ቀን ቀን ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ማታ ማታ ትማራለች። ወሬ ሲንዛዛ አትወድም። ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ጉዳዩን የምትጠይቅ ልጅ ናት፤ በዚህም ትታማለች።

ጉዳዩ የታናሽ ወንድሟ የኑሩ ነበር። ኑሩ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ከተቀመጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወደ አሜሪካ የሚያመጣው የስደተኛ ፋይል ተከፍቶለታል፤ መቼ እንደሚጠሩት ግን የሚያውቅ የለም። በዚህ መሐል የጀላሉ ኮሌጅ ተቀብሎታል። ዋጋው አንድ ባለታክሲ የሚችለው ነው። ቦታው የሚጠበቅለት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። በተማሪ ቪዛ ሕንድ ከገባ ግን የካርቱሙ ፋይል ይዘጋል። ኮሌጁ ደህና ከሆነ በአራት ዓመት መሐንዲስ ይሆናል። ካልሆነ ኮሌጁንም አሜሪካንም ያጣል።

«ምን ዲሳይድ ይደረጋል እዚህ ላይ?» አለች ሳብሪያ ከመደርደሪያው ኋላ። «ልጄ እዚያው ነው ያለው። አንቱ ደግሞ ሰው የማያውቀው አገር ይመስል… በሉ ጠይቁት፣ ጻፉለት ብያችሁ ጽፋችሁ መለሰላችሁ አይደል?»

እውነት ነው፣ መልሷል። ሸረፈዲን ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። «አልሐምዱሊላህ እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱ ጥሩ ነው። መምህራኑም ጎበዞች ናቸው። ምግቡን ለምጄዋለሁ። ኑሩ ቢመጣ ደስ ይለኛል።»

«ሰማሽ?» አለ ሸረፈዲን። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ይሄ ደብዳቤ ስለ ኮሌጁ ምንም አይልም» አለች ሃጂራ።

«ጥሩ ነው ይላል እንጂ!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

በነጋታው መጽሔቱን ሥራ ይዛው ሄደች። የምትሠራው ወንበርና የገንዘብ መሳቢያ ብቻ በሚይዝ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። መኪና ሲመጣ ቲኬት ትሰጣለች፤ ሲወጣ ትቀበላለች። በመሐል ታነባለች። በገጽ ስድስት ያለው የወርክሾፕ ፎቶና በገጽ አሥራ አንድ ያለው የላቦራቶሪ ፎቶ አንድ ክፍል ሆኖ አገኘችው፤ የግድግዳው ሰዓት በሁለቱም ሦስት ተኩል ይላል። የመካኒካል ክፍል ኃላፊና የኤሌክትሪካል ክፍል ኃላፊ አንድ ሰው ናቸው። ኮሌጁን ካቀፈው ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ቋሚ ዕውቅና በሚለው ርዕስ ሥር ደግሞ «በሂደት ላይ» ይላል። ስለ ስፖርት ሜዳው ግን ሁለት ሙሉ ገጽ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ ያጠራጥራል እንጂ አይፈርድም። ድሃ ኮሌጅም ማስተማር ይችላል። መፍረድ የሚችለው እዚያ ያለ ሰው ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ «ደህና ነኝ» ብሏል።

ሃጂራ ያንን ደብዳቤ በደንብ ታውቀዋለች፤ በየወሩ ራሷ ትጽፈዋለች። ኮምቦልቻ ላለችው እናቷ «ደህና ነኝ፣ ሥራዬ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ወንበር አለኝ» ትላለች። ወንበሩ ውሸት አይደለም። ያንን ደብዳቤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ እናቷ ለጎረቤት ታስነብበዋለች፤ ከዚያም አሜሪካ የሄደ ሁሉ ቢሮ ውስጥ እንደሚቀመጥ ይታመናል። ማንም አልዋሸም ብላ ታስብ ነበር እስካሁን። ዛሬ ግን ወንድሟ በእንደዚያ ያለ ደብዳቤ ሊሳፈር ነው።

አንድ ኤሮግራም፣ ታጥፎ ራሱ ፖስታ የሚሆን የደብዳቤ ወረቀት፣ ገዛች፤ ከሥሩ ካርቦን አድርጋ ባዶ ወረቀት ደረበች፣ ቅጂው እንዲቀርላት። ከሰላምታው በፊት እንዲህ ጻፈች፦

«ጀላሉ፣ እኔ የምሠራው መኪና ማቆሚያ በር ላይ ነው። የምቀመጠው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው እስኪተካኝ እጠብቃለሁ። እናቴ ቢሮ ይመስላታል። ይህንን የምነግርህ አንተም እውነቱን እንድትነግረኝ ነው።»

ከዚያ ቁጥር እየሰጠች ጠየቀች። ወርክሾፑ ውስጥ ስንት የብረት መቅረጫ ቶርኖ አለ? ከነሱ ስንቱ ይሽከረከራል? ባለፈው ሳምንት የቀረ መምህር አለ? ስንት ቀን ቀረ? ከአንተ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የፈተና ውጤታቸውን በየትኛው ወር አገኙ? ፈተናውን የሚያወጣው ማነው? ቧንቧው የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው? ሌላ ኮሌጅ መዛወር ብትፈልግ ምን ይሉሃል? አሥራ ሁለት ሞላች። አንዱም «ደህና ነው» ተብሎ የሚመለስ አልነበረም። መጨረሻውን ስትጽፍ አንድ ካዲላክ ክላክስ ሲያስጮህባት ቆይቶ ነበር።

ሦስት ሳምንት መልስ አልመጣም። ሸረፈዲን በየማታው ይደውላል።

«ሶ? ምን ተገኘ?»

«ምንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እኮ ልጁን ሊድር እንኳ ይህን ያህል አያጠናም።»

«ለጋብቻ ቢሆን ፍቺ አለ።»

«በአላህ! አንደበትሽ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው» አለ።

መልሱ የደረሰው ረቡዕ ዕለት ነው። ከስዕል ደብተር በተቀደደ ወፍራም ወረቀት ላይ፣ ፊትና ኋላው ተሞልቶ ነበር። ሃጂራ ኮሪያታውን ሰፈር ከሌሎች ጋር የምትጋራው አፓርታማ ደረጃ ላይ ቆማ፣ የበሯን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች አነበበችው።

«ሃጂራ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። እንደ ሌላው ጊዜ ልመልስልሽ ብዬ ነበር፤ ደህና ነኝ የሚለው የሚገባበት ቦታ አጣሁ። ቶርኖ ዘጠኝ አለ። የሚሽከረከረው አራት ነው። ስድሳ ሰባት ተማሪ ነን፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ የነካሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ሕንፃ ገና ሊሠራ የታሰበ ነው፤ አሁን ያለው አንድ ፎቅ ነው፣ ከላዩ ብረቱ ወጥቶ ይታያል። ከእኛ የቀደሙት ውጤታቸውን ያገኙት ከተፈተኑ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ክፉ ክፉውን ብቻ አልልሽም። ሲቪል ክፍል ያሉ አንድ ሽማግሌ መምህር አሉ፤ መብራት ሲጠፋ መስኮት ከፍተው ያስተምራሉ፣ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ፈተናውን የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ስለዚህ ያለፈ በእውነት አልፏል። ሲቪል ብገባ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሁለት ትምህርት ወድቄያለሁ።

መዛወር ብትፈልግ ላልሽው፤ ስንገባ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ተቀብለው ካዝና ውስጥ አስቀመጡት። የማትሪኩም፣ የትራንስክሪፕቱም ዋናው እነሱ ዘንድ ነው። ልውጣ ብትይ የቀሩትን ዓመታት ሁሉ ክፍያ ካላጠናቀቅሽ አይመልሱም። እኔ ጠይቄ አይቼዋለሁ። እናቴ ይህንን አታውቅም፤ አደራሽን።»

ሃጂራ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ሳትከፍት ቆየች። ኑሩ መተማን ሲሻገር የማትሪክ ሰርተፊኬቱን በጃኬቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ነው የሄደው። መንገድ ላይ ብሩንና ጫማውን ተዘርፏል፤ ያ ወረቀት ግን ተርፏል። ሌላ ቅጂ የሚያወጣለት አገር የለውም። አንድ ጸሐፊ ካዝና ውስጥ ቢቆልፍበት በዓለም ላይ አሥራ ሁለተኛን መጨረሱን የሚመሰክርለት ነገር አይኖርም።

ሸረፈዲንን ታክሲው ውስጥ ነገረችው። ፌርፋክስና ኦሎምፒክ ማዕዘን ላይ ፓርክ አድርጎ ሳምቡሳ ይበላ ነበር። ስለ ቶርኖው፣ ስለ ሕንፃው ስታወራ እያኘከ ሰማት፤ እነዚህ ለእሱ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ እሱ የተማረው መምህር በሌለበት ክፍል ነው። ሰርተፊኬቱ ጋ ስትደርስ ማኘኩን አቆመ።

«ዋናውን?»

«ዋናውን።»

«ዋናውንማ ለማንም አይሰጥም» አለ። የሳምቡሳውን ወረቀት አጣጠፈ፤ እንደገና አጣጠፈው። «ማን ነገረሽ?»

ሃጂራ ቦርሳዋን ዘጋች።

«ኦኬ» አለ ሸረፈዲን። ሊያውቀው የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው። «ሳብሪያ ትሰማለች?»

«ከእኔ አትሰማም።»

«ከእኔም። ግን እወቂ፤ ትቀየምሻለች።»

ቅዳሜ ዕለት ካርቱም ደወሉ። ኑሩ በቀጠሮው መሠረት ዴም ካለ አንድ ሱቅ ስልክ ሥር ሲጠብቅ ነበር። ሃጂራ የደረሰችበትን ሁሉ ነገረችው፤ የጥሩውን መምህር ጭምር። መስመሩ ላይ የራሷ ድምፅ ዘግይቶ ይመለስላታል።

«ስለዚህ ልቀመጥ?» አለ ኑሩ።

«ምርጫው ያንተ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ ተቀመጥ። ፋይልህን ጠብቅ።»

«አንቺ ለመናገር ይቀልሻል።»

«አዎ፣ ይቀለኛል» አለች። «ኑሩ፣ እኔም ቢሮ አይደለም የምሠራው። መኪና ማቆሚያ ነው። ይሄን ሳታውቅ ምክሬን እንዳትቀበል ነው።»

ስልኩ ጥቂት ተንጫጫ። «አውቃለሁ» አለ ኑሩ። «ከአሜሪካ የመጣ ሰው ነግሮኝ ነበር። አንቺ እስክትነግሪኝ ዝም አልኩ።» ከዚያ፣ «የጃኬቱን ገበር አልፈታም በይው ለጋሼ» አለ።

የኑሩ መቅረት ወሬ ሳብሪያ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሃጂራ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስትገባ መጽሔቱ ከቦታው ተነስቷል። ሳብሪያ ሰላም አላለቻትም፤ በርበሬ ለካች፣ ከረጢቱን አሰረች፣ አስቀመጠች።

«ለእኔ ልጅ የበቃው ኮሌጅ ለአንቺ ወንድም አልበቃም አሉኝ» አለች።

«እንደዚያ አላልኩም፣ እትዬ ሳብሪያ።»

«ታዲያ ምን አልሽ? መጽሔት እያገላበጥሽ የሰው ልጅ ኮሌጅ ታንኳስሻለሽ? ልጄ በየወሩ ይጽፍልኛል። በየወሩ! አንድ ቀን ከፍቶኛል ብሎ አያውቅም።»

ነገሩ ሃጂራ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ሁለት ትምህርት ወድቋል፤ ወረቀቱን ይዘውበታል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቢወጣ ክርክሩ ያልቃል። ነገር ሲያልቅ ደግሞ ትወዳለች። የጀላሉ አደራ ያለበትን ያንን ወፍራም የስዕል ወረቀት አሰበችና ዋጠችው።

«እኔም ለእናቴ በየወሩ ነው የምጽፈው» አለች። «ቢሮ እሠራለሁ እላታለሁ።»

ሳብሪያ አየቻት። ሃጂራ የት እንደምትሠራ ፌርፋክስ ሁሉ ያውቃል።

«እሱ ሌላ ነው» አለች ሳብሪያ።

«አንቺስ ለጀላሉ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊለት?»

ሳብሪያ አዲስ ከረጢት አነሳች። ሱቁ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት የሰው ቤት እንደምታጸዳ፣ ከፋሲካ በኋላ ወገቧን አሟት ሁለት ሳምንት እንደተኛች ሃጂራ ታውቃለች። አንድ ሴትዮ ገብታ እርድ ገዝታ ወጣች። ሳብሪያ ሚዛኑን ጠረገች፤ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች።

«የሆነ ነገር ሆኗል?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ልጄ ታሟል?»

«አልታመመም። ወላሂ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ልነግርሽ አልችልም። ጠይቂው። ግን ደህና ነህ ወይ ብለሽ አትጠይቂው።»

ሃጂራ ቦርሳዋን ከፈተች። የካርቦኑ ቅጂ ከአውቶቡስ ትኬቶች ጋር ታጥፎ ነበር። ሳብሪያ መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ቁጥሮቹ ላይ ከመድረሷ በፊት ላይኛው መስመር ላይ ቆመች፤ ስለ መስታወቱ ሳጥንና ስለ ሽንት ቤቱ የሚለው ላይ።

«ይሄን ለልጄ ጻፍሽለት?»

«ካልጻፍኩለት አይጽፍልኝም ነበር።»

ሳብሪያ ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ ዘርግታ የቅመም ማሰሮ ጫነችበት። እስክሪብቶ ፈልጋ አጣች፤ ሃጂራ የራሷን ሰጠቻት። ሳብሪያ ከቡናማው መጠቅለያ ወረቀት አንድ ክንድ ያህል ቀደደች።

«ጠዋት ጠዋት ስለምሠራው ልጀምር?» አለች።

«ከወገብሽ ጀምሪ» አለች ሃጂራ፣ ወንበር እየሳበችላት።