ያልተካፈሉት ሽልንግ

ገንዘቤ ሳትጸልይ አትቀመጥም። የሰው ቤት ስትገባ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ጌታዋን ካላነጋገረች ወንበር አይቀበላትም። ያን ቅዳሜ ጠዋትም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ወጣችና ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ ጀመረች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት ባርክ። የወንድሜን የእዝራን ድካም ከሚሸሽግ እጅ ጠብቅ። የአባታችንን አደራ ባዕድ ጓዳ ውስጥ አታስቀር። የተሸሸገውን ግለጥ፣ ጌታ ሆይ፣ ግለጥ!»

«አሜን» አለች አፀደ በሩን እንደያዘች። «ይግቡ እትዬ። ጌታም ሰምቶዎታል፣ ጎረቤትም ሰምቷል።»

ከገንዘቤ ኋላ የቆመው ሰውዬ አሚን ይበል ዝም ይበል ግራ ገብቶት ጉሮሮውን ጠረገ። ኻሊድ ይባላል። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለ ሕንፃ ምድር ቤት የድሮ ሳንቲምና ቴምብር ይሸጣል፤ እዝራ የረጅም ጊዜ ደንበኛው ነበር። ገንዘቤ ያመጣችው እንዲገምትላት ነው።

የሚገመተው የእዝራ የሳንቲም አልበም ነው። እዝራ ካለፈው ክረምት ወዲህ የለም። አፀደ ሚስቱ ናት፤ ገንዘቤ ታላቅ እህቱ። እዝራና አፀደ ልጅ አልወለዱም። ይህን ገንዘቤ በየበዓሉ ስታነሣው ኖራ፣ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ እንደ ሕግ አንቀጽ ትጠቅሰው ጀመር። «ልጅ የሌለው ሰው ንብረት ወደ ወጣበት ይመለሳል» ትላለች። ከአልበሙ ጠገራ ብሮች አንዳንዶቹ በእርግጥ የአባታቸው ነበሩ።

አፀደ ጠገራዎቹን ለመስጠት ከወሰነች ሰንብታለች። ከአልበሙ ውስጥ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻዋን ያለችውን ሽልንግ። ሌላው ቢቀርም ይቅር። ችግሩ ገንዘቤን አብጠርጥራ ማወቋ ነው። ገንዘቤ የሰው ዓይን ምን ላይ እንዳረፈ ካየች ያንኑ ነገር ካልወሰደች እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ አፀደ ዘዴ አበጀች፤ ለማትፈልጋቸው ጠገራዎች እንደ ነብር ልትጣላ፣ ወደ ሽልንጓ ግን ዓይኗን እንኳ ላትወረውር።

ቀድማ አውጥታ ብትደብቃት ይቀል ነበር። ግን እጇ እሺ አላላትም። ሽልንጓን መጨረሻ የነካት የእዝራ ጣት ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አፀደ አልበሙን ከፍታ አይታት ታውቃለች፤ ነክታት አታውቅም። ደግሞስ በዚህ ዘመን ሽልንግን ማን ዞር ብሎ ያያል? መንገድ ላይ ወድቃ ብትገኝ ጎንበስ የሚልላት የለም።

የሽልንጓ ነገር እንዲህ ነው። አፀደ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ በያዘች ሰሞን፣ ከቦሌ በታክሲ መጥታ ኦሎምፒያ ስትወርድ አንድ የማታውቀው ወጣት አብሯት ወረደ። ሁለቱም ስሙኒ ስሙኒ መልስ ነበራቸው። ረዳቱ ዝርዝር አጣና አንዲት ሽልንግ ወጣቱ መዳፍ ላይ ጣል አድርጎ፣ «የሁለታችሁ ናት፣ ተካፈሉ!» ብሎ በሩን ገጭ አደረገው። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በታክሲ ረዳት ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲህ ተሻርኮ ያውቃል። አብዛኛው «ይሁን፣ ውሰጂው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ይህኛው ግን አልተወም። ዝርዝር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ አዞራት። አንዱ ባለሱቅ «ማስቲካ ግዙና ተካፍላችሁ አላምጡ» ብሎ ቀለደባቸው። በመጨረሻ ወጣቱ «ነገ ዘርዝሬ አመጣልሻለሁ» አላት። በማግስቱ መጣ፤ አልዘረዘራትም። ከዚያም ወዲያ መጣ፤ አልዘረዘራትም። ተጋብተውም አልተዘረዘረችም። «እስካልተካፈልናት ድረስ መለያየት የለም» ይል ነበር እዝራ። ሌሎች ሳንቲሞችን መሰብሰብ የጀመረውም፣ «ብቻዋን እንዳይከፋት ጎረቤት ላምጣላት» ብሎ ነው። ጨዋታው እያደገ ሄዶ አልበም ሆነ። ምክንያቱን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ኻሊድ አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ከኋላ ጀመረ፤ ጠገራዎቹ ያሉት እዚያ ነው።

«እነዚህ የአባቴ ናቸው» አለች ገንዘቤ። «አርሲ ቤታችን ሙሉ ሣጥን ነበር። እዝራ ነው እየመዘዘ እዚህ ያጋዘው።»

«ለአርባው ሲመጡ ግማሽ ሣጥን ነበር» አለች አፀደ። «በዚህ አያያዙ ለፋሲካ ጎተራ ይሆናል።»

«የተማርሽ ነሽ፣ አፍ አታጪ።»

«እርስዎም ሳይማሩ አላጡም።»

ኻሊድ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ በመሀል ገባ። «ማሻአላህ፣ በደንብ ተይዘዋል። አንድም ቀን አልታጠቡም።»

«ከሰል መስለው የለ! መታጠብማ ነበረባቸው» አለች ገንዘቤ። «ግን እዚህ ቤት ምን ይታጠባል!»

«ኧረ እንዳይነኩብኝ!» ኻሊድ በእጁ ጋረዳቸው። «የታጠበ ሳንቲም የሞተ ሳንቲም ነው፣ እትዬ። ይሄ ጥቁረት ዕድሜው ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ነው። ሎሚና ጨው አንዴ ከነካው እኔም አልገዛው፣ ማንም አይገዛው።»

«ጉድ ነው! ለመሆኑ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ድንቡሎ የሚለቅመው ምን አግኝቶ ነው?»

«ሁሉም የራሱ አለው። መርከብ ላይ የሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ከወረደበት ወደብ ሁሉ አንዳንድ ይዟል። አንዲት ሐኪም ደግሞ ልጆቿ በተወለዱበት ዓመት የተቀረጸ ብቻ ትፈልጋለች። ሌላው በልጅነቱ እጁ ላይ ሳንቲም አድሮ አያውቅም፤ አሁን ለዚያ ልጅ ይገዛለታል። እኔ ስደረድራቸው ልቤ ጸጥ ይልልኛል፤ ባለቤቴ ሐሚዳ ‹ከመድኃኒት ይሻልሃል› ትለኛለች።» ቀና ብሎ አፀደን አያት። «ምክንያቱን ያልነገረኝ እዝራ ብቻ ነው። ስጠይቀው ይስቃል።»

ገንዘቤ ወደ አፀደ ዞረች። «ለምን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ከጎኑ ተኝተሽ?»

«ተኝቼ ስለነበር ይሆናል።»

ከዚያ አፀደ ለጠገራዎቹ ተጣላች። ጠበቃ አቆማለሁ አለች። እዝራ የአባቱን ካመጣም ሌሎቹን በገዛ ደሞዙ እንደገዛቸው እየለየች አሳየች። ገንዘቤ እግዜርን ጠራች፣ አባቷን ጠራች፣ በመጨረሻም የአፀደን ማሕፀን ጠራች። ያቺን ቃል ስትሰማ አፀደ መጮህ ተወች። ማስመሰሉ እዚያ ላይ እውነት ሊሆንባት ምንም አልቀረውም ነበር።

«ይውሰዷቸው» አለች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «ሁሉንም ጠገራ ይውሰዱ። ብቻ ይሂዱልኝ።»

ገንዘቤ ፊቷ በራ። ኻሊድ ጠገራዎቹን እየጠቀለለ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። ሰውዬው ግን አልበሙን ሊዘጋ ሲል የሙያ ነገር ሆነበትና ገጾቹን ወደ ፊት ገለባበጠ። መጀመሪያው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽልንግ» አለች አፀደ። ቶሎ ነው ያለችው፤ ከሚገባው በላይ ቶሎ።

«እሱስ ሽልንግ ነው። ግን ገጹን ብቻውን ይዞታል። ሰብሳቢ የመጀመሪያ ገጹን ለተራ ነገር አይሰጥም። እዝራን ደግሞ አውቀዋለሁ።» ከገጹ ኪስ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረና መነጽሩን አስጠግቶ አገላበጠው። «ሲቀረጽ ስህተት የገባበት ሊሆን ይችላል። እዚህ አይታየኝም፤ ሱቅ ወስጄ ልየው። ከሆነ ከእነዚህ ጠገራዎች ሁሉ ይበልጣል።»

ገንዘቤ አጨበጨበች። «ግለጥ ብዬው አልነበር! አየሽ ጌታን! ጠገራውን እንደዚያ ጮኻ የለቀቀችልኝ ለካ ለዚህ ነው። አንቺ ቀበሮ!»

«ተራ ሽልንግ ናት፣ እትዬ።»

«ተራ ከሆነች ፊትሽ ምን አመድ አስመሰለው?»

ኻሊድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የግል ማስታወሻ ከሆነ ይንገሩን። ታሪክ ካለው እኔ እጄን አነሣለሁ።»

«አዎ፣ ትንገረን!» አለች ገንዘቤ። «ተናግራ አልቅሳ ታሳየን። ቀብሩ ላይ አንድ ዘለላ እንባ ያልወጣት ሴት!»

አፀደ አፏን ከፈተች። ኦሎምፒያ፣ ረዳቱ፣ ማስቲካው፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ድረስ መጡ። ከዚያ ገንዘቤን አየቻት፤ ሶፋው ላይ ወደ ፊት ተስባ፣ ድራማ እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቷን ይዛለች። ይህን ታሪክ ነገ ከአምልኮ በኋላ ለማን ለማን እንደምታወራው፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደምታወራው ታያት። «ወንድሜን በሽልንግ አገባችው» ስትል፣ ሴቶቹም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ ተሰማት።

አፏን ዘጋች። እጇን ሰዳ ሽልንጓን ከኻሊድ መዳፍ ላይ አነሣችና ወደ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

«ወዴት ነው? ወዴት ይዘሽው ነው?» ገንዘቤ በሩን ትደበድብ ጀመር። «አቶ ኻሊድ፣ ልትውጠው ነው!»

የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። አፀደ ከጀሪካኑ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቀዳች። ሎሚ ቆረጠች። ጨው ነሰነሰች። የድስት መፈግፈጊያውን ሽቦ አነሣችና ሽልንጓን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየቻት፤ በአንበሳው ጎፈር ውስጥ፣ በሌላው ገጽ ተጠጋግተው በቆሙት ሰዎች መካከል የገባውን ጥቁረት። የረዳቱ እጅ፣ የእዝራ እጅ። ከነሱ በፊት ደግሞ የማን የማን።

ፈገፈገቻት። ሽቦው ጣቷን ቧጨራት፤ ሎሚው ቁስሉ ውስጥ ገባ። አላቆመችም። ገንዘቤ በውጭ ትደበድባለች፣ አፀደ በውስጥ ትፈገፍጋለች። አንበሳው ነጣ። ሰዎቹ ነጡ።

በሩን ከፍታ ሽልንጓን በጨርቅ አድርቃ ጠረጴዛው ላይ ስታኖራት ክፍሉ ውስጥ መስተዋት የተቀመጠ መሰለ።

«ውይ!» አለች ገንዘቤ ደስ ብሏት። «ይኸው፣ አሁን ገንዘብ መሰለች!»

ኻሊድ ግን አልነካትም። ጎንበስ ብሎ ጭረቶቹን አየ፤ መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ አጠፈው።

«አሁን» አለ፣ «ይህ ሃምሳ ሳንቲም ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስህተት ቢኖረውም ባይኖረውም ዋጋው አለቀ ማለት ነው፣ እትዬ። ማንም አይነካውም።»

ገንዘቤ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ቆየ። ሲገባት ፊቷ ጠቆረ። «ሆን ብለሽ! ሆን ብለሽ ነው!»

«ቆሽሻ ነበር» አለች አፀደ። «እዚህ ቤት ምን ይታጠባል ሲሉኝ አፍሬ ነው።»

«እንግዲህ ያንቺው ትሁን! ማስቲካ እንኳ አትገዛልሽም!»

አፀደ ጠረጴዛውን በእጇ ያዘች።

ገንዘቤ ደረጃውን እየተራገመች ወረደች፤ በዚህኛው ጊዜ ጸሎት አላስፈለጋትም። ኻሊድ በሩ ላይ ዘገየ። የአፀደን የተቧጨሩ ጣቶች አየ።

«እዝራ ቢያይ…» ብሎ ጀመረ።

«አያይም» አለችና ዘጋችበት።

ሽልንጓን አልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወዳለው ኪስ መለሰቻት። ታበራለች። የማንም ሽልንግ ትመስላለች።

ወጥ ቤት ገብታ ሳህኑን አነሣች። ውሃው ግራጫ ሆኗል፤ ከሽልንጓ የለቀቀው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አራብሳ ውስጥ ውሃ እንዲሁ አይደፋም፤ ዕቃ የታጠበበት ወለል ይወለወልበታል፣ ከወለል የተረፈው ሽንት ቤት ይወርዳል። ባልዲው ከጎኗ ነው። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ባልዲው ላይ ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና ልኩ የሆነ ክዳን ፈልጋ ከደነችው።