እረፊ የምትለዋ ቃል

መሥሪያ ቤት «የባክቴሪያ ሞግዚት» ነው የሚሏት። ሲያንሳት ነው! ከኩሬ ጭቃ እየጨለፈች ባክቴሪያዎቹን በሳህን ታሳድጋለች። ስኳሩ፣ የሥጋ መረቁ፣ ሙቀቱ፣ ኧረ ምን ጎድሎባቸው! እነሱ ግን እምቢ አሉ። ሳህኑን ባየችው ቁጥር ባዶ ነው።

ቤትም ያው ነው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ከልጇ ጋር ልትኖር ከመጣች ወዲህ ብርጭቆ እንኳ አጥባ አታውቅም። «ተይው እማዬ፣ አንቺ እረፊ!» ትባላለች። የስፌት መኪናዋም ዕቃ ቤት ገብቷል። ምግቡ ሞልቶ ተርፎ ሴትዮዋ እየከሳች ሄደች። ዛሬ ጠዋት ጭራሽ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብሷን ታጥፋለች።

«ምን አጎደልኩብሽ?» አለች ልጅ።

«ምንም። ግን ነጋ ጠባ እረፊ፣ እረፊ! አረፈች የሚባለው ማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? እኔ ገና አላረፍኩም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ልጅ ሆድ እንደባሳት ሥራ ገባች። ሳህኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ባዶ። መረቅ ያለቀባት ቀን በኩሬው ውሃ ብቻ ያዘጋጀችው አንዱ ሳህን ግን ነጫጭ ነጠብጣብ አብቅሏል።

«እሰይ!» ብላ ጮኸች። ለካ እነዚህ በጥቂቱ ተፍጨርጭሮ መኖር የለመዱ ናቸው፤ የገደላቸው ድግሱ ነው። ከዚያ ሻንጣው ትዝ አላትና ሳቋ ቆመ። «ወይ እኔ ነፈዟ!» አለች።

ማታ የባልደረቦቿን የተቀዳደዱ ጋዋኖች በፌስታል ጠቅጥቃ መጣች። የስፌት መኪናውንም ጎትታ አወጣችው።

«እማዬ፣ የሚጠግንልን ሰው አጣን።»

እናት አንዱን ጋዋን ገልብጣ አየችው። «ይኼን የሰፋው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» ብላ የክር ቆርቆሮዋን ከሻንጣው ሥር አወጣች። ልጅ ሻይ ይዛ ስትመጣ «ከብርሃኑ ዞር በይ!» ተባለች። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ቅዳሜ ሻንጣው በሩ አጠገብ ነበር፣ ሰኞ በሚመለሱ ጋዋኖች ተሞልቶ። እናት ወገቧን ይዛ ከመኪናው ተነሣች።

«እፎይ! ደከመኝ፤ ትንሽ ልረፍ።»

«ኧረ እማዬ፣» አለች ልጅ ደንግጣ፣ «ገና እጅጌው ይቀራል!»