የተውሶ ወርክሾፕ

የምክር ቤት አባሏ ትምህርት ቤታችንን ልትጎበኝ ነው ሲባል፣ የወላጆች ኮሚቴው የተነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገበናችንን እንዴት እንደምንሸፍን። ሴትዮዋ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት እንዲጨመር የምትሟገት ናት። «እጁ ያልሠለጠነ ልጅ ነገ ገበያውን አያንቀሳቅስም» ስትል በሬዲዮ ሰምቻታለሁ። የእኛ የእንጨት ሥራ ክፍል በጀት ካላገኘ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል ተብሏል። ልጄ የምትማረው እዚያ ነው። ከደብተር ጋር ብዙም አይዋደዱም፤ ጣውላ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ክፍሉ ከተዘጋ ቤት መቀመጧ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈልግም፤ ግን አስባለሁ።

«እንግዳ ባዶ ክፍል አይገባም» አለ ዳይሬክተሩ። ስለዚህ ተዋስን። ሚስማር የምንለው የሰፈራችን አናጢ መሰንጠቂያ ማሽኑንና ጠረጴዛዎቹን በጋሪ ጭኖ አመጣ። ግድግዳው ቀለም ተቀባ። የትምህርት ቤቱን የራሱን ዕቃ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል አጭቀን ቆለፍንበት።

እኔ መብራት ይጠፋል፣ ማሽኑ የልጅ ጣት ይበላል፣ እንግዳዋም እርጥብ ቀለም ላይ ትደገፋለች ብዬ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰማዩ ጠርቶም መብረቅ ይታይሻል» አለኝ ሚስማር።

«ተዘጋጅቶ መጠበቅ ምን ይጎዳል?»

«መች ተዘጋጀሽ? ፈራሽ እንጂ!»

በጉብኝቱ ቀን መብራት አልጠፋም። የማንም ጣት አልተቆረጠም። ልጄ ጣውላውን በማሽኑ ሰንጥቃ የወንበር እግር ስታወጣ እንግዳዋ አጨበጨበች። ቀሚሷም ቀለም አልነካውም።

«እንዲህ የተደራጀ ክፍል አላየሁም» አለች። «ነገ ምክር ቤት ስቀርብ ገንዘቡ ለባሰባቸው ይቅደም እላለሁ። እናንተማ ደርሳችኋል።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ያን ሁሉ ስፈራ፣ ሁሉ ነገር አምሮ ጉድ ይሠራናል ብዬ ግን አልፈራሁም ነበር። ልጄ አየችኝ። እጄን እንደ ተማሪ አነሳሁ።

«ክብርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽኑ የእኛ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የእሱ።»

ሚስማር ኮፍያውን አወለቀ። «አይቀየሙኝና ክብርት፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው። መቼ ይሄዱልኛል እያልኩ ነው የቆምኩት።»

«እኚህ ወላጅ ትንሽ ስጉ ናቸው» ብሎ ጀመረ ዳይሬክተሩ። እንግዳዋ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ንግግሩን ተወው፤ ኪሱን ዳበሰና ቁልፉን አወጣ።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ጠረጴዛ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ መዶሻና ጥርሱ የረገፈ መጋዝ ነበሩ። ልጄ መጋዙን አነሳች።

«በተራ ነው የምንይዘው። አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ያያል። እኔም አብዛኛውን በማየት ነው የተማርኩት።»

እንግዳዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች፤ አልተቆጣችም። «ለትምህርት የወጣ ገንዘብ ተመልሶ ኢኮኖሚውን ያሳድጋል ስል፣ የምክር ቤት ባልደረቦቼ ‹ምን ጎደላቸውና?› ነው የሚሉኝ። እናንተ ደግሞ ምንም እንዳልጎደላችሁ ታሳዩኛላችሁ።»

«እንግዳ ነዎት ብለን እኮ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም?» አለችና መጋዙን ከልጄ ተቀበለች። «ይህን አውሱኝ። እነሱም ይዩት።»

«ይውሰዱት!» አለ ዳይሬክተሩ ፈጠን ብሎ።

«ሌላ እኮ የለንም» አልኩ።

«ለነገ ብቻ ነው እህቴ፤ ይመለሳል።»

መኪናዋ እንደወጣች «አይመለስም» አልኩት ሚስማርን።

«ደግሞ ጀመረሽ!» አለ፣ ማሽኑን ጋሪው ላይ እየጫነ።

በጀቱ በጠባብ የድምፅ ልዩነት አለፈ። እንግዳችን ምክር ቤት ውስጥ መጋዙን ብድግ አድርጋ ስታሳይ የሳቁ ነበሩ አሉ፤ ያልሳቁት በለጡ። ክፍሉ አልተዘጋም። ከክረምቱ በኋላ አዳዲስ መጋዞች መጡ፤ ማሽኑ ለሚቀጥለው ዓመት ተብሏል፣ ሳየው አምናለሁ። ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስማር ዘንድ ትሠራለች፤ እኔም ጣቷን እያሰብኩ እውላለሁ።

አሮጌው መጋዝ አልተመለሰም። ብዬ ነበር።