የሁለቴ ስህተት

«ገዳዩማ ደሙ ነው!» አለ ጡረተኛው መምህር፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ኤ ቢ ነበር አይደል? አንብቤዋለሁ። የደም ዓይነታቸው ኤ ቢ የሆነ ሰዎች በስተርጅና ለስትሮክ ይበልጥ ይጋለጣሉ ይላል።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ቀን ሙሉ በየጥጉ የሚንሾካሾከው አንድ ጥያቄ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል ላብራቶሪ ደም ሲመረምር የኖረ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚያይ «ሁለቴ» የሚል ስም የወጣለት ጠንቃቃ ሰው፣ ፊቱን ሊታጠብ ገብቶ እንዴት ስትሮክ ጥሎት በዚያው ይቀራል? አሁን መልስ ተገኘ። ማንንም የማያስወቅስ፣ ደህና መልስ።

ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከሶፋው ጥግ ሆና ሰማች። እውነት ለመናገር እሷም እፎይ ብላ ነበር፤ የባሏ ታናሽ ወንድም አፉን እስኪከፍት ድረስ።

«እንግዲያው እኔም ተራዬን ልጠብቃ!» አለ ወንድምየው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ። «ኤ ቢ ነኝ፤ ራሱ ነው የመረመረኝ። ማጅራቴን ሲይዘኝ ‹ሂድና ግፊትህን ተለካ› እያለ ስንት ዓመት ነዘነዘኝ! ለካ ከንቱ ድካም ነው። ሰው ከደሙ ወዴት ይሸሻል?»

ቀና ብላ አየችው። ማጅራቱን እያሸ ነበር የሚያወራው።

እሷ የምታውቀውን ማንም አያውቅም። ከሳምንት በፊት የባሏን ኮት ገበር ልትጠግን ስትፈታ፣ ያልተነካ የግፊት ክኒን በእሽግ በእሽጉ ወጣ። አምስት ወር አቋርጦታል። «ደህና ሆንኩ ብዬ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ሰኞ እጀምራለሁ። እስከዚያ ለሰው እንዳትነግሪ፤ ሰውን ስመክር ኖሬ መሳቂያ ልሁን?» እሺ አለችው። ቃሏንም ሰጠች። ሰኞን ግን አላያትም።

ቃል ከባድ ነው፤ የሟች ቃል ደግሞ ይብሳል። እንደዚያም ሆኖ ሌላ ቀን ትዝ አላት። ያኔ ጎልማሳ ነበር። የሁለት በሽተኞች ደም መለያ ወረቀት አቀያይሮ ለጥፎ፣ ሁለተኛ ሲያይ ደረሰበት። የሚሰጠው ደም ወደ በሽተኛዋ ክፍል ወጥቷል። አራት ፎቅ በሩጫ ወጣ፤ ገና ሳይሰቀል ደረሰ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ቢቀይር ማን ያውቅበታል? እሱ ግን በሐኪሞቹና በበሽተኛዋ እናት ፊት ቆሞ «ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። ማታ ራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበላት። «ብደብቀው ኖሮ ነገ ሌላው ይሳሳተው ነበር» አላት። እንዲህ ያለ ወንድ አገባሁ ብላ ያን ማታ ኩራቱ እንቅልፍ ነስቷት ነበር።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ያነበቡትን እሱም ያውቀው ነበር። ‹የደም ዓይነት የምታመጣው ልዩነት ትንሽ ናት፤ ዋናው ግፊቱ ነው› ይለኝ ነበር። የደም ዓይነቱን መቀየር አይችልም፤ ክኒኑን ግን መዋጥ ይችል ነበር። አምስት ወር አልዋጠም።»

«አንቺ!» ብላ ተቆጣች የሟች እህት። «በለቅሶው ላይ ሙት ትወቅሻለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«እኔ አልወቀስኩትም፤ ኮርቼበታለሁ!» አለች። «ዕድሜ ልኩን ስህተቱን ደብቆ አያውቅም። ይቺን አንዷን ብቻ ለመናገር ጊዜ አጣ። እኔ ተናገርኩለት። ወንድሙም በማያውቀው ነገር እንዲሞትበት አይፈልግም።»

መምህሩ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

ሹፌሩ አቀረቀረ። ቀና ሲል ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ጤና ጣቢያው ዛሬ ይሠራል?»

«ይሠራል» አለችው። «ከአስፋልቱ ማዶ አይደል?»

«እትዬ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስድሳ ሰው ጭኖ ገደል ለገደል የሚነዳው ሰውዬ። «ብቻዬን እፈራለሁ።»

ከቀብር መልስ ከሶፋው ያልተነሳችው ሴት ተነሳች። ሻሿን አጠበቀች፤ የሸሚዙን የተዛነፈ ቁልፍ ፈትታ በልኩ ቆለፈችለትና እጁን ይዛው ወጣች።